አለቃ ገብረ ሐና፤ ለልጃቸው ያስተማሩት ሊቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለዛሬው የወጣቶች ዓምዳችን ያዘጋጀነውን የአንድ ታላቅ ሊቅ የሕይወት ታሪክ እናቀርብላችኋለን።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ይህን ሰው ለምን እንደ መረጥን መግለጽ ይገባናል። የፍልሰታ ጾም እንደ ተፈታ እኛ የሕፃናት ክፍል አስተማሪዎች የአዲሱን ዓመት ዕቅድ ለማውጣት ተሰብስበን ነበር። አብዛኞቻችን በዩኒቨርሲቲ ትምህርት ላይ ያለን ወጣቶች ስለ ሆንን ዕቅድ መጻፍ አያስቸግረንም። ባለፈው ዓመት ያወጣነው ዕቅድም በወረቀት ላይ ሲታይ ያማረ ነበር፤ ለስድስትና ለሰባት ዓመት ሕፃናት ዘጠኝ ዐይነት ትምህርት ደልድለን ለእያንዳንዱም ሰዓት መድበን ነበር። ነገር ግን ጥምቀት ሳይደርስ ዕቅዱ ፈረሰ። ሕፃናቱ እሑድ የተማሩትን በሚቀጥለው እሑድ ረስተውት ይመጣሉ፤ እኛም ያንኑ ደግመን እናስተምራለን፤ የዩኒቨርሲቲ ፈተና ሲደርስብን ደግሞ እኛው ራሳችን እንቀራለን። ጥፋቱ የሕፃናቱ አልነበረም፤ የእኛ ነበር።

በዚሁ ስብሰባ ላይ ከወላጆች መካከል አንዲት እናት ተነሥተው አንድ ጥያቄ አቀረቡ። እኛ ልጆቻቸውን የምናገኘው በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ መሆኑን አስታውሰው፣ ቀሪዎቹን ስድስት ቀናት እርሳቸው በቤታቸው ምን እንደሚያስተምሩ፣ ከየት ጀምረው የት እንደሚያደርሱ ጠየቁን። የምንመልሰው አጥተን ዝም አልን።

የእኒህ እናት ጥያቄ የብዙ ወላጆች ጥያቄ ነው። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአገራችን ትምህርት ቤቶች በሙሉ ተዘግተው እንደ ነበር እናስታውሳለን። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት በርካታ ትምህርት ቤቶች ሳያስተምሩ ቆይተዋል። ፊደል መቁጠር በሚገባው ዕድሜ ላይ ያለ ስንት ሕፃን ከብት ሲጠብቅ፣ ስንቷ ሕፃን ውኃ ስትቀዳ ጊዜው እንዳለፈባቸው በዐይናችን ያየነው ነው። ያን ጊዜ የቀረው ትምህርት ቤት የወላጅ ቤት ብቻ ነበር፤ ቤቱ ግን ለዚህ አልተዘጋጀም ነበር። እንግዲህ ለእኒህ እናት መልስ ስንፈልግ ወደ ሩቅ አገር ከመሄዳችን በፊት ወደ ገዛ አገራችን ታሪክ ተመለከትን፤ በዚያም አለቃ ገብረ ሐናን አገኘናቸው።

አለቃ ገብረ ሐና ሲባል ሁላችንም አስቀድመን እንስቃለን። በቡና ላይ፣ በሠርግ ቤት፣ በተማሪ ማደሪያ የእርሳቸው ቀልድ ያልተነገረበት ጊዜ የለም። በመንገድ ላይ አህዮች የምትነዳ ሴት ሲያገኙ ሰላምታውን በብዙ ቁጥር ሰጥተው ሴቲቱን ከአህዮቿ ጋር በአንድ ቃል እንዳጠቃለሏት የሚወራውን የማያውቅ ማን አለ? በቀልዶቹ ውስጥ ባለቤታቸው ወይዘሮ ማዘንጊያም ሳይቀሩ ይነሣሉ። ይሁን እንጂ በስማቸው የሚነገረው ሁሉ የእርሳቸው አይደለም፤ ሌላው የፈጠረውን ጨዋታ ለአለቃ የሰጠው ብዙ ነው። የሚያሳዝነው ግን በሣቁ ብዛት ሊቅነታቸው መረሳቱ ነው። እኛም ብንሆን በየበዓሉ በማኅሌት ቆመን መቋሚያ ስናወዛውዝ የማንን ትምህርት እንደምንፈጽም ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር።

የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች እንደሚገልጹት አለቃ ገብረ ሐና የተወለዱት በ1814 ዓ.ም. ገደማ በፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ በተባለው ቦታ ነው። ፎገራ ለእኛ ለደብረ ታቦር ልጆች ሩቅ አይደለም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ሥር የሚነሡት ርብና ጉማራ ወርደው ጣና ሐይቅ ከመግባታቸው በፊት የሚያጠጡት ሜዳ ፎገራ ነው። ክረምት ሲሆን ወንዞቹ ከአፋቸው ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ በሐይቁ ዳር ደንገል ይበቅላል፤ ታንኳ የሚሠራውም ከዚሁ ደንገል ነው። ሕፃኑ ገብረ ሐና ዐይናቸውን የከፈቱት ይህን እያዩ ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡናው ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። በየጁው ራስ ጉግሣ የተቆረቆረችው ደብረ ታቦር የመሳፍንቱ መቀመጫ ነበረች። ጦር በመጣ በሄደ ቁጥር የገበሬው ጎተራ ይራቆታል፤ ገበያው ይፈታል፤ ሰዉ ይሰደዳል። እንዲህ ባለው ዘመን መንግሥት ያቆመው ትምህርት ቤት አልነበረም። ትምህርት ግን አልተቋረጠም፤ ምክንያቱም ትምህርቱ የተተከለው በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በመምህሩ ጎጆና በአባት ጉያ ነበርና።

በዚያ ዘመን አንድ ሕፃን እንዴት ይማር እንደ ነበር ማወቅ ለእኛ ዕቅድ ይጠቅመናል። መጀመሪያ ፊደል ይቆጥራል፤ ጣቱን ወይም ስንደዶውን በፊደሉ ላይ እያሳረፈ ከሀ እስከ ፐ ይወርዳል፤ ከዚያም አቡጊዳን ይይዛል። ቀጥሎ ፊደለ ሐዋርያ ይባላል፤ ይኸውም የመጀመሪያይቱ የዮሐንስ መልእክት ናት። እርሷን በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ደጋግሞ ያነባታል። ከዚያ ወንጌለ ዮሐንስ ይከተላል፤ በመጨረሻም መዝሙረ ዳዊት ይደገማል። ዳዊት የደገመ ልጅ ንባብ አወቀ ይባላል፤ ወላጆቹም እንደ አቅማቸው ድግስ ያደርጉለታል። ይህ የቀኑ ትምህርት ነው። ሌሊት ደግሞ መብራት በሌለበት ጸሎቱን፣ ውዳሴ ማርያሙን በቃሉ ይማራል። መጽሐፍ ለማይገኝበት ድሀ ቤት ይህ የቃል ትምህርት ታላቅ ጥበብ ነበር።

ገብረ ሐና በዚህ መንገድ ካለፉ በኋላ እንደ ማንኛውም የቆሎ ተማሪ አገራቸውን ለቀው ወጡ። ወደ ጎጃም ተሻግረው ቅኔ ተማሩ። ቅኔ ቃልን በሰምና በወርቅ የሚያስተምር ትምህርት ስለ ሆነ ኋላ ላይ በጨዋታቸው ውስጥ አንዱን ቃል በሁለት ፊት የሚያዞሩበት ችሎታ ከዚህ የተገኘ መሆኑ አያጠራጥርም። ከዚያም ወደ ጎንደር መጥተው አቋቋምን ተማሩ፤ ፍትሐ ነገሥትን አደላደሉ። በጎንደር በበዓታ ቤተ ክርስቲያን እንዳስተማሩና ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሳሉ የሊቀ ካህናትነት ማዕርግ እንዳገኙ ይተረካል። እኛ በዚያው ዕድሜ ላይ ሆነን ለሕፃናት ፊደል ማስቆጠር እንዳቃተን ስናስብ ማፈራችን አልቀረም።

በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሲነግሡ ዘመነ መሳፍንት አበቃ። ደብረ ታቦርም የንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማ ሆነች፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው በአጠገቧ በጋፋት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከካህናት ጋር የነበራቸው ክርክር በታሪክ የታወቀ ነው። አለቃ ገብረ ሐናም ሊቅነታቸው ቢያስከብራቸውም ምላሳቸው ግን ብዙ ጠላት ያፈራባቸው ነበር። በትልቅ ሰው ፊት ለቀልድ የመጣላቸውን ቃል መመለስ አይሆንላቸውም። በዚህም ምክንያት ከንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ተግሣጽ ደርሶባቸው ከከተማ ርቀው በጣና ገዳማት እንደ ተቀመጡ ይነገራል። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባናል፤ ሊቁ በዚህ ምሳሌ የምናደርጋቸው ሰው አይደሉም። ባልንጀራን የሚያሳፍር ቀልድ ሲነገር ደስ ይላል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። በሕፃናት ፊት የሚቆም አስተማሪ ይህን ከእርሳቸው ጥፋት ሊማር ይችላል፤ በሁሉ ፊት የተሣቀበት ሕፃን በሚቀጥለው እሑድ አይመጣምና።

ነገር ግን ያ ስደት ለቤተ ክርስቲያን በረከት ሆነ። በጣና ውስጥ ሬማ መድኃኔ ዓለም የሚባል የደሴት ገዳም አለ። አበው እንደሚተርኩት አለቃ ገብረ ሐና በዚያ ሳሉ የሐይቁ ማዕበል ወደ ዳር እየመጣ ሲመለስ፣ ደንገሉም በነፋስ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ይመለከቱ ነበር። በልጅነታቸው በፎገራ ያዩትን ነው አሁን በሊቅ ዐይን ያዩት። ከዚህ ተነሥተው አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ።

ዝማሜ ምን እንደ ሆነ ለማያውቁ አንባብያን በአጭሩ እንግለጽ። በማኅሌት ጊዜ የቅዱስ ያሬድ ዜማ መጀመሪያ በቁም ይባላል። ቀጥሎ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው ዜማውን እያወዛወዙ ይዘምሙታል፤ ይህ ዝማሜ ነው። ከዚያ በኋላ በመረግድና በጽፋት ከበሮውና ጸናጽሉ ይገባሉ። መቋሚያው የሚነሣበትና የሚወርድበት፣ ሰውነት የሚያዘነብልበትና የሚመለስበት ሁሉ በሥርዐት የተወሰነ ነው። ስለዚህ በዝማሜ ላይ አዲስ ስልት ማምጣት ቀላል ነገር አልነበረም። ብዙ ዘመን በአንድ ዐይነት ሲቆም የኖረን የሊቃውንት ጉባኤ ሌላ ዐይነት አቁሙ እንደ ማለት ነው።

እንደሚነገረውም በጎንደር የነበሩ ሊቃውንት አዲሱን ስልት ለመቀበል ፈቃደኞች አልሆኑም። ነባሩን ሥርዐት ጠብቀው ማቆየት ግዴታቸው ስለ ነበር አንፈርድባቸውም። ይሁን እንጂ ለአለቃ ገብረ ሐና ጊዜው የፈተና ጊዜ ነበር። ሰውን በማሣቅ ያልተቸገሩት ሊቅ በሕይወታቸው ከሠሩት ሁሉ የሚበልጠውን ሥራ የሚቀበላቸው ጉባኤ አጡ። ያን ጊዜ ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ተጣልቶ ይወጣል፣ ወይ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል።

እርሳቸው ግን ያንን ስልት ለልጃቸው አስተማሩ።

ልጃቸው ተክሌ ይባላሉ። አባትየው ያወጡትን ዝማሜ ከአባታቸው ተቀብለው በሚገባ ያዙት። ኋላም አለቃ ተክሌ ተብለው በደብረ ታቦር አስተማሩት፤ ከዚያም ደቀ መዛሙርታቸው እየተቀባበሉ ወደ ሌላው አገር አደረሱት። ዛሬ በአገራችን የታወቁት የአቋቋም ስልቶች ሲቈጠሩ የጎንደሩ ላይ ቤትና ታች ቤት ይጠራሉ፤ ከእነርሱም ጋር ተክሌ ይጠራል። የአባትየው ድካም በልጃቸው ስም ተጠራ ማለት ነው። ደብረ ታቦር ኢየሱስም የዚህ የተክሌ አቋቋም ማስመስከሪያ በመሆኑ ከየአገሩ ተማሪ ይመጣበታል። በዚህም ደብረ ታቦር በደቡብ ጎንደር ካሉት ታላላቅ የትምህርት ቦታዎች ጋር ተሰልፋለች፤ ድጓ የሚመሰከርባት ቤተ ልሔም በዚሁ በጋይንት በኩል ናትና፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርባት ዙር አባም ከዚሁ ከደጋችን አትርቅም።

በዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። ጉባኤው ያልተቀበለውን ትምህርት የጠበቀው አንድ አባት ለአንድ ልጅ ያስተማረው ነው። በዚያን ጊዜ ያንን ያየ ሰው አንድን ልጅ ማስተማር ትንሽ ነገር መስሎት ሊሆን ይችላል። እኛም በስብሰባችን ላይ የቤት ትምህርትን ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ትምህርት የተረፈ ትርፍ ነገር አድርገን ነበር የቈጠርነው። አሁን ግን አሳባችንን ለወጥን።

ዳግማዊ ምኒልክ ሲነግሡ አለቃ ገብረ ሐና ወደ ሸዋ ወርደው በአዲስ አበባ ተቀመጡ። በንጉሠ ነገሥቱና በእቴጌ ጣይቱ ዘንድ መወደድም መገሠጽም በየተራ ደረሰባቸው። ዛሬ ከሚነገሩት ቀልዶች ብዙዎቹ የዚህ ዘመን ናቸው፤ በግብር ላይ፣ በመኳንንቱ መካከል፣ በቤተ መንግሥት ደጅ የተጣሉ ቃላት ናቸው። በስተርጅና ግን ወደ ትውልድ አገራቸው ተመለሱ። በ1890ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ፣ ሰማንያውን ካለፉ በኋላ፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ቀልዳቸው በየአፉ ተበተነ፤ ዝማሜያቸው ግን በልጃቸውና በልጃቸው ደቀ መዛሙርት መቋሚያ ላይ ሳይበተን ቆየ።

ከዚህ ሕይወት የምንማረው ምንድን ነው? አንዳንዱ ወንድማችን በስብሰባው ላይ እንደ ተከራከረው፣ አለቃ ገብረ ሐና ሊቅ ስለ ነበሩ ለልጃቸው ማስተማር ቻሉ፤ ያልተማረች እናት ግን ምን ታስተምራለች የሚል አሳብ ሊነሣ ይችላል። ክርክሩ እውነት አለበት። ይሁን እንጂ ሊቁም ቢሆኑ በሊቅነት አልጀመሩም፤ የጀመሩት ከሀ ነው። ዝማሜ የሚማር ሰው አስቀድሞ ድጓ ያውቃል፤ ድጓ የሚማር አስቀድሞ ዳዊት ደግሟል፤ ዳዊት የሚደግም አስቀድሞ ፊደል ቈጥሯል። ለሕፃን ከቤት የሚፈለገው የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ነው። ሁለተኛም፣ አለቃ ተክሌ ከአባታቸው የተማሩትን በቤት ቀብረው አላስቀሩትም፤ ወደ ጉባኤ አውጥተው አስተማሩት። ስለዚህ የቤት ትምህርት ከጉባኤ የሚለይ ሳይሆን ለጉባኤ የሚያዘጋጅ ነው። እኛ በባለፈው ዓመት ዕቅዳችን ደረጃውንም ግንኙነቱንም አፍርሰን ዘጠኙን ነገር በአንድ ጊዜ ስለ ጫንን ነው የወደቅነው።

በሌላው ዓለምም ተመሳሳይ ነገር አለ። በአሜሪካ ብዙ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ትንንሽ ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ሳይልኩ በቤታቸው ያስተምራሉ፤ ይህም በግዛቶቹ ሁሉ በሕግ የተፈቀደ ነው። ከእነርሱ ብዙዎቹ የዓመቱን ትምህርት ሲያቅዱ የቤተ ክርስቲያናቸውን በዓላት መሠረት ያደርጋሉ። ለምሳሌ ከልደት በፊት ባሉት አራት ሳምንታት በየእሑዱ አንድ አንድ ሻማ እየጨመሩ ያበራሉ፤ ሕፃኑ ሻማውን ሲቈጥር ቍጥርንም ታሪኩንም አብሮ ይማራል። በዚያው አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ልጆቻቸው አማርኛ እንዳይጠፋባቸው ፊደልን በቤት ያስቈጥራሉ። እኛ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተመቸ የዘመን አቈጣጠር አለን። ቅዱስ ያሬድ ዜማውን በዓመቱ ወቅቶች ከፍሎ አስቀምጦልናል፤ ከመስከረም ዮሐንስ፣ ከታኅሣሥ አስተምህሮ፣ በዐቢይ ጾም ጾመ ድጓ፣ ከትንሣኤ በኋላ ፋሲካ እየተባለ ይሄዳል። ዓመቱ ራሱ የታቀደ ነው፤ የቀረን ሕፃኑን በእርሱ ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው።

በዚህ መሠረት ለእኒያ እናትና ለመሰሎቻቸው ያዘጋጀነው የቤት ትምህርት ዕቅድ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ የጠዋት ትምህርት ፊደል ነው። ፊደላችን 33 ቤት ሲሆን እያንዳንዱ ቤት 7 ፊደላት አሉት፤ ድምሩ 231 ይሆናል። ሳምንትም 7 ቀን ነው። ስለዚህ በቀን አንድ ፊደል፣ በሳምንት አንድ ቤት ቢያዝ 33 ሳምንት ይበቃል። መስከረም 1 ቀን የጀመረ ሕፃን አንድም ቀን ባያቋርጥ ሚያዝያ 21 ቀን ይጨርሳል። በበዓላትና በሕመም ቀናት ቢቋረጥ እንኳ ግንቦት ሳያልቅ ይደርሳል። ለዚህ የሚያስፈልገው በቀን ሩብ ሰዓት ነው፤ ከዚህ በላይ ሕፃኑን ማስቀመጥ አይገባም። ወረቀት ባይኖር በመሬት ላይ በአመድ ወይም በአሸዋ ይጻፋል።

ሁለተኛ፣ የማታ ትምህርት የቃል ነው። ከራት በኋላ የዘወትር ጸሎት በአንድ ላይ ይደረሳል። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት የተከፈለች ስለ ሆነች የዕለቱ ድርሻ ይነበባል፤ ማንበብ የሚችል ከሌለ በቃሉ የሚያውቅ ይበላት። ሕፃኑ ዝም ብሎ ቢሰማ ይበቃዋል። በዓመት ውስጥ እያንዳንዷን ከሃምሳ ጊዜ በላይ ይሰማታል፤ ሳይገደድም ይይዛታል።

ሦስተኛ፣ ታሪክ ከበዓል ጋር ይነገራል። በመስከረም የመስቀል፣ በጽጌ ወራት የእመቤታችን ስደት፣ በታኅሣሥ የልደት፣ በጥር የጥምቀት ታሪክ ይነገራል። በዐቢይ ጾም ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስና ሆሳዕና የተባሉ ስምንት እሑዶች ስላሉ ስምንት ታሪኮች ይነገራሉ። ግንቦት 11 ቀን የቅዱስ ያሬድ ነው፤ ያን ዕለት የአለቃ ገብረ ሐናና የልጃቸው ታሪክም ይነገር እንላለን። በክረምት አዲስ ነገር አይጨመርም፤ የተማሩት ይከለሳል። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲደርስ ሕፃኑ ሙልሙሉና ችቦው ለምን እንደ ሆነ፣ ከተማችንም የዚያን ቅዱስ ተራራ ስም ለምን እንደ ያዘች ለጎረቤቶቹ ይናገር። የዓመቱ ፈተና ይህ ነው፤ ሌላ ፈተና አያስፈልግም።

አራተኛ፣ እኛ አስተማሪዎች እሑድ ቀን አዲስ ነገር አናስተምርም። ሕፃኑ በሳምንቱ በቤቱ የተማረውን እንሰማለን፤ የጎደለውን እንሞላለን። ወላጆቻቸው ማንበብ ለማይችሉ ሕፃናት ከታላላቅ ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው አንዱን እንመርጣለን፤ ታላቅ የሌለውን ሕፃን ደግሞ ከእኛ አንዱ ወይም በሰፈሩ ያለ ዲያቆን በሳምንት ሁለት ቀን በቤቱ ሄዶ ያስቈጥረዋል። የፈተና ወቅት የደረሰበት አስተማሪ ተተኪውን ሳያሳውቅ አይቀርም።

ይህ ዕቅድ በአንድ ገጽ ያልቃል። ያለፈው ዓመት ዕቅዳችን ዐሥራ አንድ ገጽ ነበር። ጥያቄውን ያነሡት እናት ዕቅዱ ሲነበብላቸው በመጀመሪያ ያሉት ነገር ቢኖር ይህን ያህሉን እንደሚችሉት ነው። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ታላቅየው የተማረበት ትምህርት ቤት ተዘግቶበት ሁለት ዓመት በቤት የቆየ ነው፤ ማንበብ ግን ያውቃል። ታናናሾቹን እርሱ እንዲያስቈጥር ተስማምተናል። ለዚያ ልጅ ታናናሾቹን ማስተማር ለእርሱም ትምህርት እንደሚሆነው ተስፋ አለን፤ እጁ ሥራ የፈታ ልጅ በዚህ ዘመን የት ሊሄድ እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለንና።

ውድ አንባብያን፤ አለቃ ገብረ ሐና ጉባኤ ባጡ ጊዜ ልጅ ነበራቸው። እኛም ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ፣ ወይም ትምህርት ቤት ክፍት ሆኖ ሳለ እንኳ፣ በየቤታችን ልጅ አለን። ከእናንተ መካከል የራሱ ልጅ የሌለው ወጣት ቢኖር ከጎረቤቱ አንድ ሕፃን ይያዝ። አንድ ሕፃን ይበቃል። መስከረም 1 ቀን በሀ ይጀምር፤ ለቡሄ ደግሞ ያንን ሕፃን ይዞ ይምጣና እንስማው።

አምላከ ቅዱስ ያሬድ ያሰብነውን ያስፈጽመን፤ ለአገራችን ሰላምን፣ ለሕፃናቱም ዕውቀትን ያድልልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።